ስኳር በፕሮቲን ሰንሰለት ላይ የሚያርፍበት ሥፍራና የወተት መርጋት ምሥጢር
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ኦቦ በኬንያ ግዛት፥ በማርሳቢት ካውንቲ፥ በሞያሌ በኩል ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ ሳትርቅ የምትገኝ የቦረና አርብቶ አደሮች አገር ናት። በ1907 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል የተደረገው ውል ድንበሩን በወሰነ ጊዜ ሕዝቡ ከሁለት ተከፈለ እንጂ ላሙና ግመሉ፥ የወተት ዕቃውና የወተት አያያዙ በወዲያም በወዲህም አንድ ሆኖ ቀረ። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የቦረና እመቤት የላሟን ወተት የምታኖርበት ጎርፋ የሚባል ዕቃ አላት፤ ከተክል ሥር በተፈተለ ክር ተጠልፎ የሚሠራ፥ በጢስ የሚታጠን ዕቃ ነው። ወተቱ በዚህ ዕቃ ውስጥ ቀን ከቀን እየተጨመረበት፥ አጓቱም እየተቀዳለት ሲሰነብት፥ ኢቲቱ የሚባለው ወፍራም እርጎ ይሆናል። በጥሩ እጅ የተያዘ ኢቲቱ ብዙ ሳምንት ይቆያል፤ ለእንግዳም ለሕፃንም ይቀርባል። ነገር ግን ይህችው ብልህ እመቤት በዚያው ዕቃ፥ በዚያው ጢስ፥ በዚያው ጥንቃቄ የግመል ወተት ብታኖር፥ ወተቱ ይኮመጥጣል እንጂ እንደ ላሙ አይረጋላትም። ቀጭን እንደ ሆነ ይቀራል፤ ቢበዛ ጥቃቅን ፍርፋሪ ያወጣል። በኬንያ በኩል ሱሳክ፥ በኢትዮጵያ ሶማሌዎች ዘንድ ዳናን የሚባለው የኮመጠጠ የግመል ወተት ተጠጪ እንጂ ተቈራሽ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ድሮ ለቦረና ብዙ የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ቦረና በልማዱ የላም ሕዝብ ነውና። ዳሩ ግን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናም ወራት ዝናም ሳይጥል በቀረ ጊዜ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የከብቱ መንጋ አለቀ። ግመል ግን የተሻለ ቆየ። ከዚያም በፊት ቢሆን ድርቅ በተደጋገመ ቍጥር ግመል መግዛት የጀመረው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የኦቦ ተማሪ እጁን አንሥቶ፥ «የላማችን ወተት ይረጋ ነበር፤ የግመላችን ወተት ስለ ምን አይረጋም?» ብሎ መምህሩን ቢጠይቅ፥ ጥያቄው የቤቱ ጥያቄ ነው። በክረምት የተረፈው ወተት ረግቶ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ በበጋም ረኃብ ይመጣል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከመልሶቹ ዋናው ግን ከወተት ፕሮቲኖች በአንደኛው ጅራት ላይ የሚገኝ ነው። ያ ጅራት ስኳር የሚያርፍበት ሥፍራ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው መያዝ ያስፈልጋል።

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ ጨሌ በክር ላይ በተራ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። የጨሌው ዓይነት ሃያ ነው። ከሃያው የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደ ተሰካ ለይቶ መጻፍ እንደሚቻል በመጀመሪያ በሥራ ያሳየው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር ነው። እርሱም የኢንሱሊንን 51 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል በ1955 ፈጽሞ አስታወቀ፤ በ1958ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የፕሮቲን ሰንሰለት እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ እያንዳንዱም አሚኖ አሲድ ከራስጌው ጀምሮ በቍጥር ይጠራል፤ 1ኛው፥ 2ኛው፥ 34ኛው እየተባለ።

ጽሑፉ ግን ሁሉን አይናገርም። ከሕያዋን ፕሮቲኖች ከግማሽ የሚበልጡት ከሰንሰለታቸው ጐን ስኳር የተሰካባቸው መሆናቸውን ሊቃውንት ይገምታሉ። እዚህ ላይ ተማሪ እንዳይሳሳት አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ስኳር ሻይ ውስጥ የሚጨመረው አይደለም፤ የወተትን ጣዕም የሚያጣፍጠው ላክቶስም አይደለም። ላክቶስ በወተቱ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ በነጻ የሚኖር ነው፤ ወተቱ ሲረጋ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። እዚህ የሚነገርለት ስኳር ግን ከፕሮቲኑ ጋር በጽኑ ማሰሪያ የታሰረ፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ስኳር ነው። ብዙ መምህራን እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ማስተማራቸው የማይካድ ነገር ነው፤ ተማሪውም «ወተት ስለሚጣፍጥ ፕሮቲኑ ስኳር አለበት» ብሎ በፈተና ላይ ሲጽፍ መገኘቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስኳር የፕሮቲን አካል ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያስረዳው አልበርት ኖይበርገር ነው። በ1938 የዕንቍላልን ነጭ ክፍል መርምሮ፥ ስኳሩ በአጋጣሚ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን የፕሮቲኑ የራሱ ክፍል መሆኑን አስረዳ። ስኳሩ የታሰረበት አሚኖ አሲድ አስፓራጂን መሆኑን ግን እርሱና ባልደረቦቹ ለይተው ያሳወቁት በ1961፥ ማለት ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። አስፓራጂን ስሙን ያገኘው አስፓራጉስ ከሚባለው ተክል ነው፤ በ1806 ሁለት ፈረንሳውያን ከዚሁ ተክል ጭማቂ አውጥተውታልና። አሚኖ አሲድ ከተባሉት ሁሉ በመጀመሪያ ተለይቶ የታወቀውም ይኸው ነው። አስፓራጉስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአማርኛ የሴት ቀስት የሚባለው እሾሃም ቍጥቋጦ የዚሁ ተክል ዘመድ ነው፤ የቦረና ሴቶችም የወተት ዕቃቸውን ከሚጠልፉባቸው ሥሮች መካከል የዚህ ዘመድ ሥር ይገኝበታል። ስኳር የሚያርፍበት አሚኖ አሲድ ስምና የወተት ዕቃው ሥር ከአንድ የተክል ቤተ ሰብ መምጣታቸው ዕድል ያገናኘው ነገር ብቻ ነው፤ በኦቦ ለሚያስተምር መምህር ግን ስሙን በተማሪው ልብ ለማሳደር የተዘጋጀ መንገድ ይሆንለታል።

እንግዲህ በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ብዙ አስፓራጂን አለ፤ ስኳሩ ግን በሁሉም ላይ አያርፍም። ሊቃውንት ሰንሰለቶቹን እያስተያዩ ሲያነቡ አንድ ምልክት አገኙ። ምልክቱም በአስፓራጂን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከፕሮሊን በቀር ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ሴሪን ወይም ትሪዮኒን መሆን አለበት። ፕሮሊን በመካከል የገባ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ስለሚደነድን ስኳሩ አያርፍም። በሦስተኛው ሥፍራ ትሪዮኒን ሲገኝም ከሴሪን ይልቅ ስኳሩ በቀላሉ ያርፋል።

ምልክቱ መኖሩ ግን ስኳሩ አርፏል ማለት አይደለም። የአማርኛ መምህር ይህን ከማንም በፊት ይረዳዋል። «ይመታል» ተብሎ ቢጻፍ መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ፊደሉ አንድ ነው፤ መጥበቅና መላላቱን ግን ጽሑፉ አይናገርም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አካባቢ ይለየዋል። «አለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ይሆናል። የፕሮቲንም ጽሑፍ ስኳር ሊያርፍ የሚችልበትን ያመለክታል እንጂ ያረፈበትን አይመሰክርም። ተመርምረው ከታወቁት ምልክቶች ስኳር በእርግጥ የተገኘባቸው ከሦስት ሁለቱ ያህል ናቸው።

ማስረጃው በየቤቱ ጓዳ ይገኛል። የዕንቍላል ነጭ ክፍል ዋናው ፕሮቲን 385 አሚኖ አሲዶች አሉት። ምልክቱ በ292ኛውም በ311ኛውም ላይ ይገኛል፤ በዕንቍላሉ ውስጥ ግን ስኳሩ ያረፈው በ292ኛው ላይ ብቻ ነው። በ292ኛው ምልክት ሦስተኛው ትሪዮኒን ነው፤ በ311ኛው ግን ሴሪን ነው። ይህን ያየ ሰው ምክንያቱን አገኘሁ ብሎ ይቸኩል ይሆናል። ዳሩ ግን ሌላም ምሳሌ አለ። ከበሬ ቆሽት የሚወጣው ሪቦኑክሌዝ የሚባለው ኤንዛይም 124 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ምልክቱም በ34ኛው ላይ ነው፥ ሦስተኛውም ትሪዮኒን ነው። ከዚያው ከአንድ በሬ ቆሽት ግን ስኳር ያረፈበትም ያላረፈበትም ሪቦኑክሌዝ ይወጣል። ሰንሰለቱ አንድ፥ ጽሑፉ አንድ፥ ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ስኳር ለብሷል፤ አንዱ ዕራቁቱን ነው።

ለዚህ ልዩነት አንደኛው ምክንያት ሰንሰለቱ የሚሠራበት አኳኋን ነው። ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ሲሠራ ከራስጌው ጀምሮ ቀስ በቀስ፥ ክር ከእንዝርት እንደሚወጣ ይወጣል። ስኳሩን የሚሰካው ኤንዛይም በበሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምልክቱ ሲያልፍበት በአሥራ አራት ጥቃቅን ስኳሮች የተሠራውን ቅርንጫፍ ባንድ ጊዜ ይሰካበታል። ሰንሰለቱ ቀድሞ ከታጠፈና ምልክቱ ከውስጥ ከተደበቀ ግን ኤንዛይሙ አያገኘውም። እንዲሁም ምልክቱ በሰንሰለቱ ጅራት አጠገብ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሰንሰለቱ ተፈጽሞ ከተሠራበት ቦታ የሚለቀቀው ምልክቱ ከኤንዛይሙ ፊት ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። በ1990 በብዙ ፕሮቲኖች ላይ የተደረገው ቈጠራ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ስኳር ያጡ ምልክቶች ወደ ሰንሰለቱ ጅራት ሲጠጉ ይበዛሉ። ሌላ ኤንዛይም አንዳንዶቹን ኋላ ተከትሎ ይሰካቸዋል እንጂ ሁሉን አይደርስም።

የወተቱ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከአስፓራጂን ሌላ ስኳር በሴሪንና በትሪዮኒን ላይም በቀጥታ ያርፋል። ይህ ዓይነት ስኳር የሚሰካው ሰንሰለቱ ተሠርቶ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ በሦስት ፊደል የሚነገር ምልክትም የለውም። ትሪዮኒንና ፕሮሊን የተሰበሰቡበት፥ ያልታጠፈና የተዘረጋ ቦታ ይወድዳል ከማለት በቀር በእርግጥ የሚነገር ሕግ አልተገኘለትም። የመጀመሪያውን ስኳር የሚሰኩት ኤንዛይሞች በሰው አካል ውስጥ ሃያ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምርጫ አለው። የኮምፒዩተር ጠበብት የታወቁትን ሥፍራዎች ለመሣሪያቸው እያስተማሩ ያልታወቁትን እንዲገምት አድርገዋል፤ ግምት ግን ግምት ነው፤ ወተቱን ወስዶ መመርመር አይቀርም።

አሁን ወደ ወተቱ እንመለስ። የወተት ነጭነት የሚመጣው ኬዚን የሚባሉት ፕሮቲኖች በሺህ እየሆኑ ተሰብስበው ከሚሠሩአቸው እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ነው። እንክብሎቹ እርስ በርሳቸው ሳይጣበቁ በውኃው ውስጥ እንዲንሳፈፉ የሚያደርጋቸው ካፓ ኬዚን የሚባለው ወገን ነው። የላም ካፓ ኬዚን 169 አሚኖ አሲዶች አሉት። ራስጌው ቅባት ወዳድ ስለ ሆነ ከእንክብሉ ጋር ይጣበቃል፤ ጅራቱ ግን ውኃ ወዳድ ስለ ሆነ እንደ ጠጕር ወደ ውጭ ይቆማል። ስኳሩ የሚያርፈው በዚህ በቆመው ጅራት ላይ ነው፤ በራስጌው ላይ አይደለም። አንዱ ካፓ ኬዚን ምንም ስኳር የለበትም፤ ሌላው እስከ ስድስት ሥፍራ ድረስ ስኳር ይሸከማል። በስኳሩ ጫፍ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ነገር ስለሚገኝ ጅራቶቹ ነጌቲቭ ሙል ይይዛሉ፤ ተመሳሳይ ሙልም ስለሚገፋፋ እንክብሎቹ አይቀራረቡም። ወተት ፈሳሽ ሆኖ የሚኖረው በዚህ ነው።

ጥጃ ወተት ሲጠባ በጨጓራው ውስጥ ካይሞሲን የሚባል ኤንዛይም ይጠብቀዋል። ካይሞሲን ካፓ ኬዚንን በ105ኛውና በ106ኛው መካከል ይቈርጠዋል። ከ106 እስከ 169 ያለው ባለ ስኳሩ ጅራት፥ 64 አሚኖ አሲድ፥ ተቈርጦ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ጠጕራቸውን የተላጩት እንክብሎች ግን ይጣበቃሉ፤ ወተቱም ይረጋል። ፈረንጅ አይብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ቦታው በሌላ ቢሆን፥ ማለት ስኳሩ በራስጌው ላይ ቢያርፍ ኖሮ፥ መቍረጫው እንዲህ ባንድ ምት ሊላጨው ባልቻለ ነበር። በነገራችን ላይ፥ ተቈርጦ የሚሄደው ጅራት ፌኒልአላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስለ ሌለበት፥ ይህን አሚኖ አሲድ በአካላቸው ማብላላት ሳይችሉ ለሚወለዱ ሕፃናት ምግብ ማዘጋጃ ሆኖ ያገለግላል፤ ሌላ ጊዜ አጓት ብሎ የሚያፈሰው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሥፍራን መቍጠር ብቻ በቂ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነገር ከላሞቹ መካከልም ይገኛል። ካፓ ኬዚን በላሞች ዘር ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት። በኤው 136ኛው ትሪዮኒን ነው፤ ስለዚህ ስኳር ሊያርፍበት ይችላል። በቢው ግን በዚያ ሥፍራ አይሶሉሲን ገብቷል፤ ስኳር ሊያርፍበት አይችልም። አንድ ሥፍራ የጐደለበት ቢ ስኳሩ ያነሰ ይሆናል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ሲመረመር ግን ቢው ከኤው የበለጠ ስኳር ተሸክሞ ይገኛል፤ ለአይብ ሥራም የተሻለው ወተት እርሱ ነው። ሒሳብ መምህር ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን ከመደመርና ከመቀነስ ሌላ ሕግም አለው።

የግመሉ ወተት እንግዲህ እንዴት ነው? የግመል ካፓ ኬዚን 162 አሚኖ አሲዶች አሉት። መቍረጫው ሥፍራ በ97ኛውና በ98ኛው መካከል ነው፤ ጅራቱም 65 ይሆናል፤ ከላሙ የሚበልጠው ባንድ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሲታይ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ በሁለት ነገር ይገለጣል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ በላም ወተት ከኬዚን ሁሉ 13 ከመቶ ያህሉ ካፓ ሲሆን፥ በግመል ወተት ግን 3.5 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው የመቍረጫው አካባቢ ነው። በላሙ ከመቍረጫው ቀጥሎ ሜቲዮኒን ሲገኝ በግመሉ አይሶሉሲን ይገኛል፤ በግራና በቀኝ ያሉትም ጎረቤቶች የተለዩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ የጥጃው ካይሞሲን በግመል ወተት ውስጥ ሥራውን በሚገባ አይሠራም። የጥጃ ጨጓራ አምጥቶ የግመል ወተት ለማርጋት የሞከረ ሁሉ ያዘነው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይለዩ ማለፍ አይገባም። ኢቲቱ የሚረጋው በመቍረጥ አይደለም፤ በመኮምጠጥ ነው። ባክቴሪያዎች ላክቶሱን አሲድ ሲያደርጉት፥ የእንክብሎቹ ነጌቲቭ ሙል እየጠፋ ይሄዳል፤ ጅራታቸው ሳይቈረጥም ይጣበቃሉ። የአበሻ አይብም በካይሞሲን አይሠራም፤ የኮመጠጠ አሬራ በእሳት ተሞቆ ነው። ስለዚህ ለቦረናም ለአማራም እናቶች የጥጃ ጨጓራ የወግ ዕቃ አልነበረም። የግመል ወተት በኮምጣጣውም መንገድ የማይጠነክረው የእንክብሎቹ መጠንና የኬዚኖቹ ድርሻ ከላሙ ስለሚለይ ነው፤ በላም እርጎ ውስጥ መረቡን የሚያጠነክረው ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባለው ፕሮቲንም በግመል ወተት ውስጥ ፈጽሞ የለም። ለተማሪው «በስኳሩ ምክንያት ነው» ብሎ ባንድ ቃል መመለስ ቀላል ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ከወተቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለ ሌላ ዓይነት የስኳር ማረፊያ መናገር ያስፈልጋል፤ በድንበሩ አገር የሚወራ ወሬ አለና። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስኳር በኤንዛይም ሲሰካ ነው። በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ግን ያለ ሰኪ በራሱ ጊዜ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። የቀይ ደም ሕዋስ ሄሞግሎቢን ቤታ የሚባለው ሰንሰለቱ 146 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ግሉኮሱ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው በ1ኛው፥ ማለት በራስጌው ባለው ቫሊን ላይ ነው። ይህ ስኳር የያዘ ሄሞግሎቢን በስኳር ሕመምተኞች ደም እንደሚበዛ በ1960ዎቹ መጨረሻ በቴሕራን ያስተዋለው ሳሙኤል ራሕባር ነው። ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፥ በራስጌው ላይ የተከማቸው ስኳር የሦስቱን ወር ታሪክ ይናገራል። ዛሬ 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ የስኳር ሕመም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ወባ ወይም ሌላ ደዌ ቀይ ሕዋሱን ያለ ዕድሜው የፈጀበት ሰው፥ ሕዋሱ ስኳር ለማከማቸት ጊዜ ስለማያገኝ፥ ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሐኪሙን ሊያታልል ይችላል።

ወሬውም የግመል ወተት የስኳርን ሕመም ያድናል የሚል ነው። በሕንድ አገር በግመል ጠባቂዎችና በሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ጥቂት ጥናቶች ወተቱ ይረዳ እንደ ሆነ ፈትነዋል፤ ነገር ግን ኢንሱሊን አስጥሎ በወተት የሚያኖር ማስረጃ የለም። ኢንሱሊኑን ትቶ ወተት የሚጠጣ ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ተማሪ ከክፍሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፥ መምህሩ ይህን በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። እንዲሁም የግመል ወተት ባብዛኛው ሳይፈላ ይጠጣል፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ደዌ ደግሞ ካልፈላ ወተት ይተላለፋል። አፍልቶ መጠጣት ደዌውን ያስወግዳል።

በክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ለማሳየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መቶ ስድሳ ዘጠኝ ጨሌ በአንድ ክር ላይ ይሰካል፤ የቦረና ልጃገረዶች ጨሌ መሰካትን ከመምህሩ ይልቅ ያውቃሉ። ከ105ኛው በኋላ ቀይ ክር ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ ባለው ጅራት፥ ትሪዮኒን በሆኑት ጨሌዎች ላይ፥ አንዱ ቡድን ሁለት፥ ሌላው ስድስት፥ ሌላው ምንም ሳያስር፥ ጥቃቅን ነጭ ክሮች ያንጠለጥላሉ። አንድ ክር አንድ ወተት እንዳልሆነ፥ በአንዲት ጽዋ ውስጥ ሦስቱም ዓይነት አብረው እንደሚገኙ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያም መቀስ ወስዶ በቀዩ ክር ላይ መቍረጥ ነው። በዚያው ቀን በሁለት ብርጭቆ የላምና የግመል ወተት አኑሮ፥ ሎሚ ጠብ አድርጎ ማነጻጸር የሚችል መምህር ከመጽሐፉ የተሻለ ያስተምራል።

በ2006 የወጣው የምርምር ውጤት ነገሩን ወደ ሌላ ምዕራፍ አደረሰው። ሊቃውንት የግመል ግልገል ካይሞሲን የሚሠራበትን የዘር መመሪያ ወስደው በሻጋታ ውስጥ አኖሩት፤ ሻጋታውም ግልገል ሳይታረድ የግመል ካይሞሲን አመረተ። ይህ ካይሞሲን የግመልን ወተት ያረጋል። የሚያስደንቀው ግን የላምንም ወተት ከጥጃው ካይሞሲን 70 ከመቶ በበለጠ ኃይል ማርጋቱ፥ ያለ ቦታው የመቍረጡም ነገር የጥጃው ሩብ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የጥጃው መቍረጫ የግመሉን ሥፍራ በሚገባ አያውቀውም፤ የግመሉ መቍረጫ ግን ሁለቱንም ያውቃል። ሻጋታው ካይሞሲኑን ሲሠራ በራሱ ልማድ ስኳር ስለሚሰካበት፥ ከአንድ ጋን የወጣው ካይሞሲን እንኳ እንደ በሬው ሪቦኑክሌዝ ስኳሩ በዝቶና አንሶ ይገኛል።

በኢትዮጵያም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከዴንማርክ ሊቃውንት ጋር በመተባበር በግመል ወተትና በግመል አይብ ላይ ምርምር ተደርጓል። የሐረማያው ሥራ ግን እስካሁን ከላቦራቶሪው ወደ ኦቦ እመቤት ጓዳ አልደረሰም፤ ካይሞሲኑ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የሚመጣ፥ በብርድ የሚጠበቅ ነው። ከኢሲዮሎ የግመል ወተት ሴቶች በማኅበር ሆነው በየዕለቱ በመኪና ወደ ናይሮቢ ይልካሉ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም አስፋልት ለብሷል። የኦቦ ወተት ግን ያን ሁሉ መንገድ በበረሓ ሙቀት ፈሳሽ እንደ ሆነ ቢጓዝ ከመድረሱ በፊት ይበላሻል፤ ረግቶና አጓቱ ወጥቶለት ቢሄድ ግን ክብደቱም ይቀንሳል፥ ዕድሜውም ይረዝማል።